የሰቨርንን ወንዝ ያለ ክፍያ መሻገር፦ የትኛውን ድልድይ፣ በየትኛው ሰዓት?

ከለንደን ወይም ከብሪስቶል ተነስቶ በዌልስ ወዳሉት ኒውፖርትና ካርዲፍ የሚነዳ ሰው የሰቨርን ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ሰፊ አፉ ላይ መሻገር አለበት። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 17 ቀን 2018 ጀምሮ ለዚህ አንድም ሳንቲም አይከፈልም። አስቀድሞ መመዝገብም ሆነ ከተሻገሩ በኋላ በኢንተርኔት መክፈል የለም። ስለዚህ «የሰቨርን ድልድይ ክፍያ ስላልፈጸሙ ይቀጣሉ» የሚል መልእክት በስልክዎ ቢደርስ ማጭበርበሪያ ነውና ሳይከፍቱ ያጥፉት።

ክፍያው የቆየው 52 ዓመት ነው። በሴፕቴምበር 1966 የመጀመሪያው ድልድይ እስኪከፈት ድረስ ባለመኪናው ወይ ከአውስት መንደር በሚነሣው የመኪና ማሻገሪያ ጀልባ ይሻገር፣ ወይ በስተሰሜን ባለችው በግሎስተር ከተማ በኩል ዞሮ ይሄድ ነበር። ሁለተኛው ድልድይ በ1996 ተጨመረ፤ በ1992 በወጣው ሕግ መሠረት የሠራው ኩባንያ ወጪውን ከተሻጋሪዎች ሲሰበስብ ቆይቶ በጃንዋሪ 2018 ሁለቱም ድልድዮች ወደ መንግሥት እጅ ተመለሱ። ያኔ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሲነሣ የአንድ የቤት መኪና ክፍያ ከ6.70 ፓውንድ ወደ 5.60 ወረደ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ጨርሶ ቀረ። የሚከፈለው ወደ ዌልስ ሲገባ ብቻ ስለነበር «ለመግባት እንጂ ለመውጣት አይከፈልም» እየተባለ ይቀለድ ነበር። በሳምንት አምስት ቀን ለሥራ ለሚመላለስ ሰው ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ በመጨረሻው ሙሉ ዋጋ፣ በ5.60 ፓውንድ፣ ከከፈለ በሳምንት 28 ፓውንድ፣ በ50 የሥራ ሳምንት 1,400 ፓውንድ ያወጣ ነበር።

ዛሬ ድልድይ የሚመረጠው በመንገድዎ፣ በመኪናዎ ክብደትና በነፋሱ ነው። ከምሥራቅ ሲመጡ በኤም 4 አውራ ጎዳና ላይ ከቀጠሉ የፕሪንስ ኦቭ ዌልስ ድልድይ የሚባለውን አዲሱን ይሻገራሉ፤ ለአብዛኛው መንገደኛ የሚሻለውም ይኸው ነው። አሮጌው ድልድይ ያለው በኤም 48 ላይ ሲሆን፣ ይህ መንገድ ከኤም 4 በ21ኛው መገናኛ ተለይቶ በ23ኛው ይመለሳል። ወደ ቼፕስቶ የሚሄድ ሰው፣ ወይም በአዲሱ ድልድይ ላይ አደጋ መድረሱን የሰማ፣ አሮጌውን ቢመርጥ ያተርፋል። ከ7.5 ቶን በላይ የሚመዝን ተሽከርካሪ ግን ከሜይ 2025 ወዲህ በአሮጌው ላይ ማለፍ ተከልክሏል፤ ምክንያቱ የዋና ተሸካሚ ገመዶቹ አቅም ነው። የቤት ዕቃ ለማዛወር የጭነት መኪና የሚከራዩ ሰዎች የመኪናውን ክብደት ከመነሣታቸው በፊት ቢያረጋግጡ መልካም ነው።

ነፋስ ሲበረታ ቀድሞ የሚዘጋው አሮጌው ነው። አዲሱ በጎንና በጎኑ የነፋስ መከላከያ ስላለው ብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ሆኖም በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2022 ዩኒስ የተባለው ማዕበል ሁለቱንም አዘግቷል። በክረምት ከመውጣትዎ በፊት የእንግሊዝን አውራ ጎዳናዎች የሚያስተዳድረውን የናሽናል ሃይዌይስን የመንገድ ማስታወቂያ ይመልከቱ።

ክፍያው በመቅረቱ መንገዱ ፈጣን ሆኗል ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። ነጻ መሆኑ ብዙ መኪና ስቧል፤ ድሮ በክፍያ ዳሶቹ ፊት የነበረው ሰልፍም አሁን ኒውፖርት አጠገብ ባሉት የብሪንግላስ ዋሻዎች ይጠብቅዎታል። እዚያ አውራ ጎዳናው በየአቅጣጫው ወደ ሁለት መስመር ይጠብባል። ከተማዋን በደቡብ የሚያልፍ አዲስ መንገድ ታቅዶ የነበረ ቢሆንም የዌልስ መንግሥት በጁን 2019 ሰርዞታል። ስለዚህ ከሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውጭ ይጓዙ፤ በካርዲፍ ትልቅ የራግቢ ግጥሚያ ባለበት ቅዳሜ ደግሞ፣ ግድ ካልሆነብዎ በቀር፣ በባቡር መሄድን እመርጥልዎታለሁ።

የቆየ የመንገድ መሪ መሣሪያ ያለው ሰው አንድ ነገር ያስተውል፦ ካርታው ካልታደሰና «ክፍያ ያለበትን መንገድ አስወግድ» በሚለው ላይ ከተቀመጠ፣ ድልድዩን አሁንም እንደሚያስከፍል ቆጥሮ እንደ ጥንቱ በግሎስተር ሊያዞርዎ ይችላል። ምርጫውን ጨርሰው አያጥፉት፤ በሌሎች ወንዞች ላይ ክፍያ አልቀረምና። እዚያው ብሪስቶል ያለው የክሊፍተን ድልድይ ያስከፍላል፤ የከተማዋ መሐልም በካይ መኪናዎችን የሚያስከፍል የንጹሕ አየር ክልል አለው። ከለንደን በስተምሥራቅ ባለው የዳርትፎርድ መሻገሪያና በሊቨርፑል አቅራቢያ ባለው በመርሲ ጌትዌይ ድልድይ ደግሞ የክፍያ ዳስ ስለሌለ፣ አስቀድመው ወይም ቢዘገይ እስከ ማግሥቱ እኩለ ሌሊት ድረስ ራስዎ ካልከፈሉ ቅጣት ይመጣብዎታል።

ወንዙን ከቅርብ ማየት የፈለገ ሰው አሮጌው ድልድይ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አለው፤ በአዲሱ ላይ በእግር መሄድ አይፈቀድም። ከኤም 48 በመጀመሪያው መገናኛ፣ በአውስት፣ ይውጡ፤ ነፋሱ በበጋም ቢሆን ስለሚበርድ ወፍራም ልብስ ይያዙ።