ደክሟችሁ ከሆነ ውሳኔውን መሬት ላይ ጨርሱት

በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ከሚደርሱ አደጋዎች ብዙዎቹ የሚያጋጥሙት በማረፍ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጎማ ተሰብሮ ወይ ክንፍ ተጋጭቶ ያልፋል። ሁሌ ግን እንዲህ አይቀልም።

ድካም መጀመሪያ የሚነካው ፍርድን ነው። የደከመ አብራሪ ፍጥነቱ መብዛቱን በዓይኑ እያየ «ግድ የለም፣ ይስተካከላል» ብሎ ይቀጥላል። ስለዚህ ወሰኑን ጭንቅላታችሁ ንቁ ሳለ፣ ሳትነሱ አስምሩ።

ሰዓት ስትቆጥሩ ከእንቅልፍ ከነቃችሁበት እስከምታርፉበት ቁጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ ጥናት 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ብቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ንጋት 12 ሰዓት ተነስቶ ሥራ የዋለና ከምሽቱ 5 ሰዓት የሚያርፍ ሰው እዚያ ደርሷል ማለት ነው፤ በረራው አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆንም። ቡና ለጊዜው ያነቃል እንጂ እንቅልፍን አይተካም። ለሚጠብቋችሁ ሰዎችም አስቀድማችሁ ደውሉና «ዛሬ ካልሆነ ነገ እደርሳለሁ» በሏቸው፣ ምክንያቱም አብራሪን ደክሞት እያለ የሚያስነሳው ብዙውን ጊዜ የሰው መጠበቅ ነው።

ከዚያ ወረቀት ላይ ጻፉት፦ 500 ጫማ ላይ ፍጥነቱ፣ አቅጣጫውና አወራረዱ ካልተስተካከለ ጎ አራውንድ፣ ማለትም ማረፉን ትቶ እንደገና ሽቅብ መነሳት። ክርክር የለም። ፍጥነታችሁ የአውሮፕላኑ መመሪያ የሚለው ይሁን፤ ካልጻፈ ደግሞ ለማረፍ በተዘጋጀበት ሁኔታ ስቶል ከሚያደርግበት (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ከሚያቆምበት) ፍጥነት 1.3 እጥፍ። 10 በመቶ ስትጨምሩ የሚያስፈልጋችሁ ማኮብኮቢያ 20 በመቶ ያህል ይረዝማል።

በጣም የምፈራው ወደ ማኮብኮቢያው የሚወስደውን የመጨረሻ መታጠፊያ ነው። የማኮብኮቢያውን መስመር ስታልፉት እግራችሁ ራደሩን (በእግር የሚታዘዘውን የጭራ መሪ) ገፍቶ አፍንጫውን ሊመልስ ይቸኩላል፣ እጃችሁም መሪውን ይስባል። ስቶልና ስፒን (እየተሽከረከሩ መውደቅ) የሚመጣው እንዲህ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ ለማስተካከል ጊዜ የለም። ከፍታ ሳትቀንሱ 60 ዲግሪ ወደ ጎን ካዘነበላችሁ የስቶሉ ፍጥነት 41 በመቶ ይጨምራል። ከ30 ዲግሪ አትለፉ። መስመሩን ከሳታችሁ ተዉት፣ ዞራችሁ ኑ።

አውሮፕላኑ ነጥሮ ከተነሳም እንደዚሁ። አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት ያሰኛል፤ ስትገፉት ግን የፊት ጎማው ቀድሞ ይመታል፣ እንደገና ይነጥራል፣ ሦስተኛው ላይ ፕሮፔለሩ አስፋልት ይበላል።

ጎ አራውንዱን ደግሞ ሳይደክማችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱት። ሙሉ ኃይል ስጡ፤ አፍንጫው በራሱ ሽቅብ ስለሚሄድ በእጃችሁ ያዙት፣ ቀኝ እግራችሁን ጫን አድርጉ። ፍላፑን (ለማረፍ የሚዘረጋውን የክንፍ ክፍል) በአንዴ አትሰብስቡ፤ አውሮፕላኑ ይሰምጥባችኋል። መመሪያው በሚለው ደረጃ፣ ፍጥነቱ ሲያድግ ቀስ እያላችሁ ሰብስቡት።