አሜሪካ ለገቡ ወገኖች፦ የቤት ራውተርና የኔትወርክ ካርድ አመራረጥ

ቤት ተከራይተው ኢንተርኔት ለማስገባት ሲያስቡ፣ ራውተር (ኢንተርኔቱን በዋይፋይና በገመድ ለቤቱ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን) ፍለጋ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት መስመሩ የሚገባበትን ግድግዳ ይመልከቱ። ዙሪያው ጥምዝ የሆነ፣ መሃሉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ያለው የብረት ጫፍ ብቅ ብሎ ካዩ የኬብል ቴሌቪዥን መስመር ነው፤ ለዚህ ዶክሲስ 3.1 የተባለውን ደረጃ የሚያሟላ ሞደም (መስመሩን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ) ያስፈልግዎታል። ፋይበር ከሆነ ኩባንያው ራሱ አንድ ትንሽ ሳጥን ይተክላል፤ የእርስዎ ድርሻ ከሳጥኑ የሚወጣውን የኤተርኔት (የኔትወርክ) ገመድ ራውተሩ ላይ መሰካት ነው። በአገር ቤት በስልክ መስመር ይሠራ የነበረው ሞደም ከሁለቱም ጋር ስለማይገጥም፣ ከኋላዎ የሚመጣ ዘመድ ካለ ይዞ እንዳይለፋ ይንገሩት።

ኩባንያዎች ሞደምና ራውተር ሲያከራዩ ብዙውን ጊዜ በወር ከ10 እስከ 15 ዶላር ያስከፍላሉ፤ ይህ በዓመት ከ120 እስከ 180 ዶላር ስለሚደርስ የራስን መግዛት ያዋጣል የሚል እምነት አለኝ። ነገር ግን ሞደሙን ከመግዛትዎ በፊት ኩባንያው በሚቀበላቸው ሞደሞች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ በፌደራል ሕግ መሠረት በራሱ ዕቃ የሚጠቀም ደንበኛ የዕቃ ኪራይ ሊጠየቅ ስለማይገባው፣ በየወሩ የሚመጣውን ቢል መስመር በመስመር ያንብቡ። የተከራዩትን ሲመልሱም ደረሰኙን ያስቀምጡ።

ከራውተሮች መካከል ዋይፋይ 6 የተባለው ደረጃ ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል። ከእሱ በኋላ የመጣው ዋይፋይ 7 ውድ ነው፤ ስልክዎና ላፕቶፕዎ ካልደገፉትም ጥቅሙ እምብዛም ነው። በአፓርትመንት የሚኖሩ ከሆነ የጎረቤቶች ሁሉ ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ስለሚጨናነቅ፣ በ5 ጊጋኸርትዝ ይጠቀሙ፤ ይህኛው ግን ግድግዳ ስለሚያደክመው ራውተሩን ከቁም ሳጥን ወይም ከቴሌቪዥን ጀርባ አውጥተው በቤቱ መሃል ከፍ አድርገው ያስቀምጡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኮምፒውተሩ በኩል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወዳጄ በሰከንድ 500 ሜጋቢት ፍጥነት ላለው አገልግሎት እየከፈለ፣ ያገለገለ ዴስክቶፑ በፍጥነት መለኪያ ላይ ከ94 ሜጋቢት አልፎ አያውቅም ነበር። ጥፋቱ የራውተሩ መስሎት ሁለት ጊዜ ቀየረ። የኮምፒውተሩን ጎን ፈትተን ስንመለከት የኔትወርክ ካርዱ (ገመዱ የሚሰካበት ክፍል) ላይ 10/100 የሚል ጽሑፍ አገኘን፤ ከ100 ሜጋቢት በላይ ማስተላለፍ የማይችል ካርድ ነበር። ከ20 ዶላር ባነሰ ዋጋ ጊጋቢት (1,000 ሜጋቢት) ካርድ ገዝተን በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ባለው፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በተባለው የካርድ ማስገቢያ ሰካነው፤ ቁጥሩ ግን አሁንም 94 ላይ ቆመ። ለካ ገመዱም ችግር ነበረበት፦ ግልጽ በሆነው የፕላስቲክ ጫፉ ውስጥ ሲታይ ከስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች አራቱ ብቻ ነበሩ፤ ለጊጋቢት ደግሞ ስምንቱም ያስፈልጋሉ። ካት 5ኢ በተባለው፣ ስምንቱም ሽቦ ባለው ገመድ ስንተካው ፍጥነቱ የሚከፍልበትን ያህል ሆነ።

ላፕቶፕ የዋይፋይ ካርድ ከውስጡ ስላለው ሌላ መግዛት አያስፈልገውም፤ ካርዱ ያረጀ ከሆነ ዩኤስቢ 3 የሆነ የዋይፋይ መቀበያ ይበቃዋል። ከቦታው የማይነቃነቅ ዴስክቶፕ ግን ገመድ ቢዘረጋለት ይመረጣል።

ራውተሩን እንደከፈቱ ከፋብሪካ የመጣውን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ የዋይፋዩን ጥበቃ (ሴኩሪቲ) ደግሞ ዳብልዩፒኤ 3፣ ከሌለው ዳብልዩፒኤ 2 ያድርጉት። ቡና ሲፈላ እንግዳ የሚበዛበት ቤት ከሆነ ደግሞ ለእንግዶች የተለየ ዋይፋይ ይክፈቱ፤ የሥራ ኮምፒውተርዎ የሚጠቀምበትን የዋናውን ዋይፋይ የይለፍ ቃል ለጠየቀ ሁሉ መስጠት አይኖርብዎትም።