ዝምድናን በቡና፣ ጉዳይን በወረቀት፦ ሐዋሳ ውስጥ አዲስ መሥሪያ ቤት ሲገቡ ምን ያድርጉ?

ሐዋሳ ሰፊ ከተማ ሆናለች፤ የቢሮ ወሬዋ ግን አሁንም የትንሽ ከተማ ነው። አዲስ ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ማን እንዳስቀጠረው፣ ከየት እንደመጣ፣ ቤት የተከራየው አቶቴ ይሁን ታቦር አካባቢ፣ ሁሉም ተወርቶ ያልቃል። እሑድ ሐይቁ ዳር ሰላም ያሉት ሰው ሰኞ ጠዋት የጨረታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ስለዚህ «እኔ ሥራዬን ሠርቼ እሄዳለሁ፣ የቢሮ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም» የሚለው አቋም ብዙ አያዋጣም። እርስዎ ባይኖሩበትም እሱ ይኖርብዎታል።

የብዙ ሰው ችግር ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ ሁለት ነገሮችን አቀያይሮ ከመያዝ ነው። ዝምድና በቡና ይያዛል፤ ጉዳይ በወረቀት። የዓመት ፈቃዱን ቡና ላይ በቃል ጠይቆ «እሺ፣ ችግር የለም» ሲባል ደስ ብሎት የሚሄድ፣ ጎኑ የተቀመጠውን ባልደረባ ግን በደብዳቤ የሚከስ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። የሚከተለው ቅደም ተከተል ሁለቱን በየቦታቸው ለማቆየት የሚረዳ ነው።

1. መጀመሪያ ሰዎቹን ይለዩ

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መዋቅር ማን ለማን ተጠሪ እንደሆነ ያሳያል፤ ጉዳይ በማን እጅ እንደሚያልፍ ግን አያሳይም። ይህን ለማወቅ መዝገብ ቤት ይሂዱ። የሚገባውም የሚወጣውም ደብዳቤ ቁጥርና ቀን የሚያገኘው እዚያ ስለሆነ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ የመሥሪያ ቤቱን ጉዳይ ከምክትል ኃላፊው ቀድማ ታውቃለች። ጸሐፊዋ ኃላፊው ዘንድ መቼ መግባት እንደሚሻል፣ መቼ ደግሞ በሩን ማንኳኳት እንደሌለብዎ ትነግርዎታለች። ንብረት ክፍል «ወንበር የለም» ካለ በኋላም ወንበር ሊያገኝ ይችላል። ሾፌሩ ከኃላፊው ጋር ሐዋሳ አዲስ አበባ ሲመላለስ በመንገድ የሚባለውን ሁሉ ሰምቶ ዝም የሚል ሰው ነው። ዝም የማይል ሾፌር ከገጠመዎት መኪናው ውስጥ እርስዎ ዝም ይበሉ።

ሌላም ሰው አለ። ለቅሶ፣ ሠርግ ወይም አራስ ጥየቃ በመጣ ቁጥር የመዋጮ ዝርዝር ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚዞረው ሰው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። ሹመት የለውም፤ ሠራተኛው ገንዘቡን አምኖ የሚሰጠው ግን ለእሱ ነው። በሠራተኞች መካከል ጠብ ሲነሳ አስታራቂ ሆኖ የሚጠራውም ብዙ ጊዜ ይኸው ሰው ነው። ዝርዝሩ ሲደርስዎት አይዘግዩ። መጠኑን በተመለከተ ደግሞ ከላይ የተጻፉትን አይተው መካከለኛውን ይስጡ፤ ከኃላፊው በላይ ያዋጣ አዲስ ሠራተኛ ለጋስ አይባልም፣ ሌላ ስም ይወጣለታል።

2. አጠራርና ሰላምታ

በአንቱታ ይጀምሩ። ሰውየው ራሱ «አንተ በለኝ» እስኪል ድረስ ዕድሜው ከእርስዎ ያነሰ ቢመስልም አይቸኩሉ። ጥበቃውን «ጋሼ» ማለት ምንም አያስወጣም፤ ቅዳሜ ከሰዓት የረሱትን ሰነድ ለመውሰድ በሩን የሚከፍትልዎ እሱ ነው። ዶክተርና ኢንጂነር የሚል ማዕረግ ያለው ሰው ማዕረጉን ባይፈልገው ራሱ ይተወዋል፤ እርስዎ አይተዉለት።

ሥራው በአማርኛ በሚካሄድበት ቢሮም ቢሆን ሁለት ሦስት የሲዳምኛ ሰላምታዎችን ይማሩ። ማን ከየት ነው የሚለውን ጥያቄ ግን እንደ ወሬ መክፈቻ አይጠቀሙበት። ሐዋሳ ለረጅም ዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የቀረው የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ ቢሮዎቹ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። በየመሥሪያ ቤቱ የሥራ ባልደረባው ወይም የትዳር ጓደኛው የተዛወረበት፣ ወይም ራሱ አዲስ የተመደበ ሰው አለ። ለእርስዎ ተራ የሆነች ጥያቄ ለእሱ ቁስል ልትሆን ትችላለች። አንድ ሰው ስለ ሌላው ወገን ሹክ ሊልዎ ሲሞክር «እሱን አላውቅም፤ ሥራውን ግን በሰዓቱ ያደርስልኛል» ብለው ያልፉታል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ከመለሱ ሦስተኛ አይጠይቅዎትም።

3. ቡናው ላይ ይገኙ

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ «ሥራ በዝቶብኛል» እያሉ በየቀኑ የሚቀሩ ከሆነ ታታሪ አይባሉም፤ የሚባሉት ኩሩ ነው። በየቀኑ መሄድ አያስፈልግም፤ ግን በሳምንት ጥቂት ቀን ይገኙ፣ ተራዎ ሲደርስም «ዛሬ በእኔ ነው» ይበሉ። ሁልጊዜ ከአንድ ቡድን ጋር ብቻ አይቀመጡ። በመጀመሪያው ወር ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጡ የሚቆጥር ሰው መኖሩን አይጠራጠሩ።

ቡና ላይ ያዳምጡ፣ ይሳቁ፣ ስለ ልጆችና ስለ ቤት ኪራይ ያውሩ። ፈቃድ፣ ዕድገት፣ ዝውውር፣ አበል አይጠይቁ። ኃላፊው ራሱ ስለ ሥራ ከተናገረ ደግሞ ሰምተው ይመለሱና ከሰዓት በወረቀት ያስከትሉት፤ እንዴት እንደሚያደርጉት ቀጥሎ ይመጣል።

ምሳ ሲጋብዙ ቀኑን ይዩ። ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ሙስሊሙ ሥጋውን አይቶ ነው የሚያዘው፤ ሐዋሳ ውስጥ ቁጥሩ ብዙ የሆነው ፕሮቴስታንት ባልደረባዎ ቢራ ላይጠጣ ይችላል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ መብላት የከተማው ደስታ ነው፤ ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ግን ገበታ ላይ አይክፈቱት፤ ማንም አሸንፎ አያውቅም። የበዓላቱን ቀንም ልብ ይበሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ከተማዋ በእንግዳ ትጥለቀለቃለች። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ደግሞ ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ የሚወሰነው ኮከብ በሚያዩት በአያንቶዎች ነው። በእነዚህ ሰሞን ስብሰባ የሚጠራ አዲስ ሠራተኛ ብቻውን ይሰበሰባል።

ለቅሶ አይቅሩ። ሌላውን ሁሉ ሊቀሩ ይችላሉ፣ ለቅሶ ግን አይቅሩ።

4. ጉዳይን በወረቀት ይያዙ

እዚህ ላይ መስነፍ ዋጋ ያስከፍላል። በግል ድርጅት የሚሠሩ ከሆነ የሚመለከትዎ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ አለው። በአዋጅ 1156 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ስምምነት ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ለሥራው ብቁ ሆነው ካላገኘዎት ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትዎ ይችላል። ስለዚህ ውልዎን ያንብቡ፣ የሙከራ ጊዜው የሚያልቅበትን ቀን ይወቁ፣ እስከዚያው የማንንም የቆየ ጠብ አይውረሱ።

ትዕዛዝ በቃል ሲሰጥዎ አይከራከሩ፤ በዚያው ቀን አጭር ማስታወሻ ይጻፉ፦

«በዛሬው ዕለት በቃል በሰጡኝ መመሪያ መሠረት የሩብ ዓመቱን ሪፖርት እስከ ዓርብ አጠናቅቄ ለማቅረብ፣ የንብረት ቆጠራውን ደግሞ ወደሚቀጥለው ሳምንት ለማሸጋገር መነጋገራችንን ለማስታወስ ነው። የተሳሳትኩት ካለ እንዲታረምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ሥራውን የሚሠራው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ማንንም አይከስም፤ መልስ ካልመጣ ግን የተባለው ነገር እንደተባለ ይቆያል። ወር አልፎ «ቆጠራው ለምን ዘገየ?» ሲባል ማስታወሻውን ማሳየት ብቻ ነው። ማመልከቻ ሲያስገቡም ሁልጊዜ በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ይስጡ፣ በሌላው ላይ የገባበትን ቀንና ፊርማ አስደርገው ቤትዎ ያስቀምጡ። ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አላልኩም።

አሁን ወደ ግልባጭ እንምጣ። ከደብዳቤው ግርጌ ያለችው ይህች ትንሽ ዝርዝር ከደብዳቤው በላይ ትናገራለች። ለባልደረባዎ ጽፈው ለኃላፊው ግልባጭ ካደረጉ፣ ምንም ያህል በትሕትና ቢጽፉ ከሰውታል። ለኃላፊዎ ጽፈው ለእሱ የበላይ ግልባጭ ካደረጉ ደግሞ የማይወርዱበት መሰላል ላይ ወጥተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ግልባጭ አይኑረው። መልስ ከታጣ ሰውየውን በአካል አግኝተው «ሥራው እየቆመብኝ ስለሆነ ቀጣዩን ለኃላፊውም ላሳውቅ ነው፤ እንዳትቀየሙኝ ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርዎት» ይበሉ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ደብዳቤ ሳይጻፍ ጉዳዩ ያልቃል። የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሰው ስሕተት መጻፍ ለመላው ሠራተኛ የተደረገ ግልባጭ ነው፤ አያድርጉት።

ቃለ ጉባኤ ሳያነቡ አይፈርሙ። ያልተስማሙበት ውሳኔ ካለ መፈረም እምቢ ከማለት ይልቅ «ልዩነቴ ይመዝገብልኝ» ብለው ምክንያቱን በአንድ መስመር አስጽፈው ይፈርሙ። የመንግሥት ቢሮ ከሆነ ኮምፒውተርም ሆነ ወንበር ሲረከቡ ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ወጪ ቅጽ ላይ የተጻፈውን ከዕቃው ጋር ያመሳክሩ። ያልተረከቡትን ላፕቶፕ መክፈል ከማንኛውም የቢሮ ጠላት የከፋ ነው።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከደረሰዎት ቀላል አያድርጉት። በአዋጅ 1156 መሠረት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ፣ ወይም በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት ይችላል። ማስጠንቀቂያው ልክ ካልሆነ በቃል «ኧረ አላረፈድኩም» ማለት ዋጋ የለውም፤ መልስዎን በጽሑፍ አስገብተው ከማኅደርዎ ጋር እንዲያያዝ ያድርጉ።

5. ወሬ ሲመጣብዎት

«ለአንተ ብዬ ነው የምነግርህ» ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚነግርዎ ምላሽዎን ይዞ ለመሄድ ነው። ሰምተው «እንዲህ ነው እንዴ? እኔ ግን ለእኔ ጥሩ ናቸው» ይበሉ። ይህ መልስ ተመልሶ ቢደርስ አይጎዳዎትም። ሐሜተኛውን ፊት ለፊት መገሠጽ ግን አያስፈልግም፤ አዲስ ሠራተኛ ሰባኪ ሲሆን አያምርበትም።

6. ሥራዎ በስምዎ እንዲታወቅ

ሥራዎን ሌላው በስሙ ካቀረበው ስብሰባ ላይ አይነሱበት። ከዚያ ይልቅ ሳምንታዊ የሥራ ሪፖርት ማንም ሳይጠይቅዎ ለቅርብ አለቃዎ ያስገቡ፤ ምን እንደጀመሩ፣ ምን እንደጨረሱ፣ ከማን ጋር እንደሠሩ። አብሮ የሠራውን ሰው ስም መጥቀስ አይርሱ። የአፈጻጸም ምዘና ሲደርስ ሁሉም ሰው የስድስት ወር ሥራውን ለማስታወስ ሲጨነቅ እርስዎ ሪፖርቶቹን ደርድረው ይሄዳሉ፤ ነጥብ የሚሰጠውም አለቃ ድካሙ ስለሚቀንስለት አይጠላዎትም።

7. ከተጋጩ

በመጀመሪያ ሁለታችሁ ብቻ ተነጋገሩ፤ ሰው ባለበት ሳይሆን፣ ቢቻል ከግቢ ውጭ። ካልሆነ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ አንጋፋ ባልደረባ አስገቡ፤ ያ የመዋጮ ዝርዝር ያዥ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ከዚያ ነው ማስታወሻ፣ ከዚያ ግልባጭ፣ ከዚያ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የሚመጣው።

ይህ ቅደም ተከተል ግን ለሁሉም በደል አይሠራም። ወሲባዊ ትንኮሳን በሽምግልና አይያዙት፣ «ለቤተሰቡ ስንል» የሚሉ አስታራቂዎችንም አይስሙ። አዋጅ 1156 ድርጊቱን ይከለክላል፤ ፈጻሚው አሠሪው ወይም የሥራ መሪ ከሆነ የተጎዳችው ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነበረውን ሰው መጻፍ፣ መልእክቶቹን አለማጥፋት፣ ከዚያም በቀጥታ በጽሑፍ ማመልከት ነው።

8. ሲለቁም በሥርዓት ይልቀቁ

የተሻለ ቦታ አግኝተው ሲወጡ ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳም ዕቃም እንደሌለብዎ የሚፈረምበትን ቅጽ፣ ይዘው ከክፍል ክፍል ይዞራሉ፤ ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ መዝገብ ቤት፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበር። ፊርማው አንድ ጠዋት ይፈጅ ወይስ አንድ ሳምንት የሚለው በአብዛኛው በእነዚህ ሰዎች በጎ ፈቃድ ላይ ያረፈ ነው። የመጨረሻውን ቡና እርስዎ ይጋብዙ፤ በዚያ ቡና ላይ ግን ስለማንም እውነቱን ለመናገር አይነሳሱ። የሥራ ልምድ ማስረጃውን ከመረከብዎ በፊት ስምዎ፣ የሥራ መደቡ፣ የቅጥርና የስንብት ቀኑ፣ ደመወዙና ማኅተሙ ትክክል መሆናቸውን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ። ስሕተት ካለ ጸሐፊዋ በዚያው ሰዓት ታርምልዎታለች፤ ከወር በኋላ ሲመለሱ ግን አዲስ ማመልከቻ ይጠየቃሉ።