የኪቤይ አያታችሁን ታሪክ ለመፈለግ ከየት ትጀምራላችሁ

ኪቤይ የሚባሉት አሜሪካ ከጃፓን ስደተኞች ተወልደው በልጅነታቸው ለትምህርት ጃፓን ተልከው ከዛ የተመለሱት ናቸው፣ ብዙዎቹም ሂሮሺማ፣ ያማጉቺ ወይ ኩማሞቶ ከዘመድ ጋር ነው ያደጉት። የነሱን ታሪክ ስትፈልጉ ቀጥታ ጃፓን አትጻፉ፣ የጃፓኑን የቤተሰብ መዝገብ (ኮሴኪ) ለማግኘት የተመዘገቡበትን ከተማ ወይ መንደር በትክክል ማወቅ አለባችሁ።

ስለዚህ ከአሜሪካ ጀምሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ጃፓናዊ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ያሰረበት ካምፕ ከገቡ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የታሳሪዎቹ የ1942–1946 ዳታቤዝ ኦንላይን በነፃ አለ፣ ስም ስታስገቡ የትውልድ አመት፣ ጃፓን የቆዩበት ጊዜ፣ እዛ የተማሩትም ጭምር ይወጣል። ካልወጣ ስፔሊንጉን ቀያይሩት። ከዛ የግል ፋይላቸውን በጥያቄ አስወጡ። ሃዋይ የነበሩት አብዛኞቹ ካምፕ ስላልገቡ እነሱን የመርከብ ተሳፋሪዎች ሊስት ላይ ነው የምትፈልጉት፣ ፋሚሊሰርች የሚባለው የቤተሰብ ታሪክ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል።

ፋይሉ ውስጥ የ1943ቱ የታማኝነት መጠይቅ ሊኖር ይችላል፣ ጥያቄ 27 እና 28 (የአሜሪካን ጦር ለማገልገልና ለአሜሪካ ታማኝ ለመሆን ፈቃደኛ መሆናቸውን የሚጠይቁት) ላይ "አይ" የሚል ካያችሁ እባካችሁ ቶሎ አትፍረዱ። እነዚህ ልጆች ጃፓን በመማራቸው ብቻ ከሌላው በላይ ተጠርጥረዋል፣ ወላጅ ወይ ወንድም ጃፓን የቀረበት ነበር፣ ከቤተሰቡ ላለመለየት ብሎ "አይ" ያለም አለ። በሌላ በኩል ጃፓንኛቸው ስለተፈለገ የአሜሪካ ጦር ውስጥ በአስተርጓሚነት ያገለገሉ ኪቤዮች ብዙ ናቸው፣ በጦርነቱ ጊዜ ሚኒሶታ በነበረው የጦሩ ቋንቋ ትምህርት ቤት ያስተማሩም አሉ፣ ስለዚህ የውትድርና ሪከርዳቸውንም ፈልጉ።

መንደሩን ካገኛችሁ በኋላ ለዛው ማዘጋጃ ቤት ጻፉ። ቀጥታ የዘር ተወላጅ መሆናችሁን በልደትና በጋብቻ ሰርተፊኬት ማያያዝ ግድ ነው፣ ለድሮ መዝገብ አንድ ኮፒ 750 የን ነው። ከ1924 መጨረሻ በኋላ የተወለደ ልጅ በ14 ቀን ውስጥ ቆንስላ ካልተመዘገበ ስሙ ላይገኝ ስለሚችል የአባቱን መዝገብ ጠይቁ። ኦኪናዋ ከሆኑ ደግሞ አብዛኛው በ1945 ውጊያ ስለጠፋ ብዙ አትጠብቁ።

ሲደርሳችሁ አመቱ በንጉሥ ዘመን ነው የሚጻፈው፣ ለሜጂ 1867፣ ለታይሾ 1911፣ ለሾዋ 1925 ደምሩበት፣ ታይሾ 10 ማለት 1921 ነው። ጽሑፉ የድሮ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ የዛሬ ጃፓንኛ የሚያነብ ሁሉ አያነበውም፣ የድሮውን የለመደ ሰው ፈልጉ።