ፓምፑ ሳይገጠም ተበላሸ?

የጥገና መዝገባችንን ወደ ዋይቡል መተንተኛ ሶፍትዌር (ከብልሽት መዝገብ ተነስቶ የዕቃን ዕድሜ የሚገምት) ሳስገባ፣ አንዱ ፓምፕ ከመገጠሙ 5 ዓመት በፊት ተበላሽቷል አለኝ! ሁለት ቀን ሶፍትዌሩን ስረግም ከረምኩ። ለካ ጥፋቱ የኛው ነው። የተገጠመበት ቀን በፈረንጅ፣ የተበላሸበት በኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። ጥቅምት 30 «30/2» ተብሎ ገባ፤ ሶፍትዌሩ አልቀበልም አለ። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለማ። ጳጉሜማ 13ኛ ወር ሆና ጭራሽ ተጣለች፣ ምስኪን።

ኤክሴሉ ላይ ሌላ ዓምድ ከፍቼ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ቀየርኩ። መፈተሻዬ መስከረም 1 ቀን 2016 ነበር፤ ሴፕቴምበር 12 ካልመጣ ቀመሩ ተሳስቷል ማለት ነው። የጠዋት ሰዓት ላይ 6 ደመርኩ። ያልተበላሹትን ፓምፖችም አስገባኋቸው፤ እነሱ ከቀሩ አማካይ ዕድሜው አጥሮ ይታያል። አሁን ከዜሮ በታች የሆነ ዕድሜ የለም።