ውጋት ሁሉ ብርድ አይደለም፦ የሳንባ መኮማተርን ለመለየት ስንሞክር የምንሳሳታቸው ስህተቶች

አንድ ቁመቱ ረጅም፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ ሲጋራ የሚያጨስ የ22 ዓመት ወጣት ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ቀኝ ጎኑን ድንገት ውጋት ይይዘዋል እንበል። ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ይብስበታል። እናቱ «ብርድ ነው የመታህ» ብላ ዝንጅብል ታፈላለታለች፤ በማግስቱ ሕመሙ ጋብ ሲል ሁለቱም ነገሩ ያለፈ ይመስላቸዋል። ውጋቱ ግን በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል አየር ገብቶ ሳንባው በመኮማተሩ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ኒሞቶራክስ ይባላል። የመጀመሪያውና እጅግ የተለመደው ስህተት ይኸው ነው፤ የሕመሙን መቀነስ ሳንባው ወደ ቦታው ለመመለሱ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ። ውጋቱ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይለዝባል፤ የገባው አየር ግን ብቻውን ሲተው የሚመጠጠው በቀን ከዚያ የደረት ጎን ይዘት ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ሳንባው ሙሉ በሙሉ እስኪነፋ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። «ከባድ ዕቃ አላነሣሁም፣ አልወደቅሁም» ማለትም አያድንም፤ ያለ አደጋ የሚመጣው ኒሞቶራክስ በአብዛኛው የሚጀምረው ሰው ዐርፎ ሳለ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከስሙ ይጀምራል። «ሳንባ ተኮማተረ» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ያደርጋል። በኒሞቶራክስ አየር የሚገባው ሳንባን በሸፈነውና የደረትን ግድግዳ ከውስጥ በለበጠው ስስ ሽፋን መካከል ነው፤ በጤና ጊዜ በዚያ ጠባብ ክፍተት ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ስለሆነ ሳንባው ከግድግዳው ሳይለይ ይነፋል፣ አየር ሲገባበት ግን እንደ ላስቲክ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። በአቴሌክታሲስ ደግሞ የአየር መተላለፊያው በአክታ፣ በዕጢ ወይም በትንፋሽ ተስቦ በገባ ባዕድ ነገር ተዘግቶ ከበስተኋላው ያለው አየር ተመጥጦ ያልቃል። ደረቱ በጣት ሲመታ የመጀመሪያው እንደ ከበሮ ያስተጋባል፣ ሁለተኛው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። በሁለቱም የትንፋሽ ድምፅ ሊቀንስ ስለሚችል ማዳመጫ ብቻውን አይለያቸውም፤ መጠኑ ትንሽ የሆነ ኒሞቶራክስ ላይ ደግሞ ጨርሶ ምንም ላይሰማ ይችላል።

በእኛ አገር ጎልቶ የሚታየው ስህተት አዲሱን ችግር በአሮጌው በሽታ ማሳበብ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ወይም ቀድሞ ሳንባውን የጎዳው ሰው ድንገት ትንፋሽ ሲያጥረው «ያው በሽታው ነው» ይባላል፤ ነገር ግን ነቀርሳ ራሱ የሳንባን ሽፋን ሊቀድ ይችላል፣ የተጎዳ ሳንባም የሚተርፍ አቅም ስለሌለው ጤነኛው የሚችለውን ትንሽ አየር አይችለውም። የወደቀ ወይም ጎኑን የተመታ ሰውም ወደ ወጌሻ ከመሄዱ በፊት ራጅ መነሣት ይኖርበታል፤ የተሰበረ የጎድን አጥንት ሳንባን ሊወጋ ይችላል፣ ማሸት ደግሞ ስብራቱን ያንቀሳቅሰዋል።

ራጁ ላይ የሚፈለገው ስስ ነጭ መስመር፣ ማለትም ከደረቱ ግድግዳ የተለየው የሳንባ ጠርዝ፣ እና ከእርሱ ወዲያ የደም ሥር ጥላ የሌለበት ጥቁር ቦታ ነው። በሽተኛው ቆሞ ከተነሣ አየሩ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጫፉን አተኩሮ ማየት ይበቃል። ተኝቶ በተነሣ ራጅ ግን አየሩ ወደ ፊትና ወደ ታች ስለሚሰበሰብ መስመሩ ላይታይ ይችላል፤ አንዳንዴ ያለው ብቸኛ ምልክት በድያፍራሙ (ደረትን ከሆድ በሚለየው ጡንቻ) እና በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለው ማዕዘን ከወትሮው ጠልቆና ጠቁሮ መታየቱ ነው። የታጠፈ ቆዳም መስመር ይመስላል፤ ልዩነቱ የደም ሥሮቹ ጥላ ከመስመሩ አልፎ መቀጠሉ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሳንባው ውስጥ ያበጠን አየር የቋጠረ ከረጢት ኒሞቶራክስ ነው ብሎ ቱቦ መስደድ ነው፤ ያልነበረውን ቀዳዳ ሐኪሙ ራሱ ይፈጥረዋልና፣ ጥርጣሬ ካለ ሲቲ ስካን ይቅደም። አልትራሳውንድ ላይም ሳንባው ከግድግዳው ጋር ሲንሸራተት አለመታየቱ ብቻውን አያበቃም፤ ከቀድሞ ነቀርሳ የተረፈ ጠባሳ ሁለቱን ሽፋኖች አጣብቆ ያንኑ ምስል ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚቆምበት አንድ ሁኔታ አለ። አየሩ ገብቶ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ልብንና ትልልቅ የደም ሥሮችን ይጫናል፤ በሽተኛው ይጨነቃል፣ የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ ራጅ መጠበቅ ስህተት ነው፤ የሠለጠነ ባለሙያ አየሩን በመርፌ ያስወጣል፣ የደረት ቱቦ ይከተላል። የአየር ቧንቧ ወደ ሌላው ጎን መገፋት ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት በመሆኑ እርሱን የሚጠብቅ ሐኪም ይቀደማል።

የመጨረሻው ስህተት ከምርመራው በኋላ የሚሠራ ነው። ሳንባው ሙሉ በሙሉ መነፋቱ በራጅ ሳይረጋገጥና ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ሳይቆዩ አውሮፕላን መሳፈር አይገባም፤ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ድረስ ያለውን ሊመስል ስለሚችል ደረት ውስጥ የቀረው አየር ከሩብ በላይ ይለጠጣል። ከዱባይ ወይም ከጅዳ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ደግሞ የሚያርፈውም 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ የተለጠጠው አየር ከአውሮፕላኑ ሲወርድም አይሰበሰብለትም።