ስፖርት እየሰራችሁ ኪሎ የማትቀንሱት ለምንድነው? ደሴ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ደሴ ጂም አሰለጥናለሁ። "አሰልጣኝ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሰርቼ ምንም አልቀነስኩም፣ ታይሮይድ (የአንገት እጢ ችግር) ይሆን እንዴ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ከስፖርት በኋላ ምን እንደበላ ነው።

ጠዋት ሆጤ ሜዳ ሮጠው ሲያበቁ ቀጥታ ቁርስ ቤት ነዋ! ቅቤ የጠገበ ጨጨብሳ፣ ማር ከላይ፣ ሻይ በሶስት ማንኪያ ስኳር፣ "ዛሬማ ሰርቻለሁ" እየተባለ። ኧረ በአላህ! 70 ኪሎ የሆነ ሰው አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው ወደ 300 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ካሎሪ አለው፣ ስለዚህ ሁለት ማንኪያ ተኩል ዘይት የሰዓቱን እርምጃ ሙልጭ አድርጎ በላው ማለት ነው፣ ወጡ ላይ ከጀሪካን እየተንቆረቆረ ማን ይለካዋል? "እኔኮ ጾመኛ ነኝ" የሚሉኝ ይብሳሉ፣ ስጋና ቅቤው ቀርቶ ቦንቦሊኖና የተጠበሰ ድንች፣ ረመዳንም ሲሆን ሳምቡሳው በሳህን ሙሉ። በማንኪያ ለኩ በቃ። ደግሞ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ፋት (የሚረጋ የስብ ዓይነት) ነው፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይጨምራል። ለመለየት የደሴ ብርድ ይበቃል፣ ጠዋት ጀሪካኑን እዩት።

ቦርጭ በሲትአፕ ብቻ አይጠፋም። ላስቲክ ለብሳችሁ ብታልቡም የወጣው ውሃ ነው፣ ስትጠጡ ይመለሳል።

ጨው ደግሞ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ፣ በርበሬውና ሚጥሚጣው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ስፖርት ጀመርኩ ብሎ የግፊት መድኃኒቱን በራሱ ያቆመ ሰው ነበረ፣ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ሰፋ ያለ፣ ከአርባ ያለፈ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500፣ አየሩ ሳሳ ይላል። እሱ ግን በመጀመሪያው ቀን የጦሳን ተራራ ልውጣ አለ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተወራርዶ። ግማሽ መንገድ ላይ ደረቱን ጨመቀው፣ ግራ እጁን አደነዘዘው፣ ላብ በላብ ሆኖ "ጨጓራዬ ነው፣ አብሽሩ" ይላል! ጨጓራ እጅ አያደነዝዝም ወንድሜ። ባጃጅ ላይ ጭነን ሆስፒታል አደረስነው፣ የልቡ ደም ስር ጠቦ ተገኘ። ተርፏል፣ አሁን ሜዳ ላይ ይራመዳል፣ ክኒኑንም ይውጣል። መድኃኒት የሚቀንስም የሚያቆምም ሐኪም ነው። ደረት ሲጨመቅ ቆም፣ ቁጭ፣ ከዛ ሆስፒታል።

ቅዳሜ ብቻ ሶስት ሰዓት የምትሰሩ፣ ከፋፍሉት። በሳምንት 150 ደቂቃ ማለት በቀን 30፣ አምስት ቀን ነው፣ ሁለት ቀን ክብደት ማንሳት ጨምሩበት።

ሚዛን ላይ በየቀኑ መውጣትም ተዉ፣ በሳምንት አንዴ ጠዋት ሳትበሉ ይበቃል። ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከቀነሳችሁ ጥሩ እየሄዳችሁ ነው። የኛ ጂም ሚዛን ትንሽ ይጨምራል፣ በሱ አትጣሉኝ።